በግድግዳችን ላይ ያለው ሥዕል ምን ይላል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ላይ ባስልኤል ስለሚባል ከይሁዳ ነገድ ስለ ተወለደ አንድ ሰው ተጽፎ እናገኛለን። እግዚአብሔር ይኸንን ሰው በስሙ ጠርቶ፣ መንፈሱን አሳድሮበት፣ ጥበብና ማስተዋል ሰጥቶ ለሥራ መረጠው። ለምን ሥራ? ሕዝቡን ለመምራት ነውን? ለዚያ ሙሴ አለ። ለክህነት ነውን? ለእርሱም አሮን አለ። ባስልኤል የተመረጠው ወርቅና ናስ እንዲሠራ፣ ዕንቍ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። የእግዚአብሔር መንፈስ በእጅ ባለሙያ ጣት ላይ አድሮ እንደሚሠራ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምስክር አላውቅም። ነገር ግን ስለ ሙሴና ስለ አሮን ስንት ስብከት ሰምተናል፤ ስለ ባስልኤልስ?

ይኸንን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። በዩኒቨርሲቲው ማደሪያ ውስጥ ማታ ማታ ከሚነሡት ክርክሮች አንዱ የሥዕል ነገር ነው። «ሕጉ ምስልን ይከለክል የለም ወይ? እናንተ ለምን ትሰግዱለታላችሁ?» ይሉናል። ብዙዎቻችንም መልስ ስናጣ ወይ እንቆጣለን፣ ወይ ዝም እንላለን። መልሱ ግን እዚያው ኦሪት ዘጸአት ውስጥ ነው። ጣዖትን የከለከለው አምላክ በታቦቱ መክደኛ ላይ ከወርቅ የተሠሩ ሁለት ኪሩቤል እንዲቆሙ ራሱ አዝዟል። የተከለከለው ፍጡርን አምላክ ብሎ ማምለክ ነው እንጂ ለእግዚአብሔር ክብር መሣል አይደለም። እናት ሩቅ አገር ያለውን ልጇን ፎቶግራፍ ስትስም ያየ ሰው፣ ወረቀት ወደደች ብሎ አይከሳትም። ሥዕል ስንሳለምም ክብሩ የሚያልፈው ወደ ተሣለው ቅዱስ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ጠያቂዎቻችን የሚፈሩት ነገር ከንቱ አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ ሕዝቡ ዕጣን ሲያጥኑለት ባየ ጊዜ ሰባብሮታል። ሙሴ ሠራው፣ እግዚአብሔር አዘዘው፣ ሕዝቡ ግን ለምን እንደ ተሠራ ረሱት። ስለዚህ ሥዕል ትርጓሜው ሲረሳ አደጋ አለው። የእኛ ትውልድ አደጋ ደግሞ፣ እንደሚመስለኝ፣ ለሥዕል አብዝቶ መስገድ አይደለም፤ ሳያዩ ተሳልሞ ማለፍ ነው። መጋረጃውን ጨብጠን፣ ግንባራችንን አስነክተን፣ ወደ ቅኔ ማኅሌቱ እንመለሳለን። ምን እንደ ተሣለ፣ ማን እንዳሣለው፣ ለምን እንዲያ እንደ ተሣለ የሚጠይቅ የለም።

እንግዲህ እስቲ እንጠይቅ።

ዐድዋ አጠገብ በሚገኘው በአባ ገሪማ ገዳም በብራና የተጻፉ ጥንታውያን ወንጌሎች አሉ። የገዳሙ ትውፊት የጻፏቸው ራሳቸው አባ ገሪማ ናቸው፣ ሥራውንም ይጨርሱ ዘንድ ፀሐይ ቆማላቸዋለች ይላል። የውጭ አገር ሊቃውንት ለብዙ ጊዜ ይኸንን እንደ ተረት ቈጥረው፣ መጻሕፍቱ ከዚያ ብዙ መቶ ዓመት ዘግይተው የተጻፉ ናቸው ሲሉ ኖረዋል። በኋላ ግን ከብራናው ጥቂት ተወስዶ በኦክስፎርድ በካርቦን በተመረመረ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ330 እስከ 650 ባለው ዘመን ውስጥ የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ። ይኸም በዓለም ላይ ሥዕል ካላቸው የወንጌል መጻሕፍት ሁሉ ከቀደምቶቹ ያሰልፋቸዋል። በውስጣቸው ወንጌላውያን ተሥለዋል፤ ዐምዶችና አዕዋፍም አሉ። ወንጌላዊው ማርቆስ በወንበር ላይ ወደ ጎን ዞሮ ተቀምጧል፤ የእስክንድርያ መንበር ባለቤት ነውና። የአክሱም ዘመን ክርስቲያን ከእስክንድርያውና ከሶርያው ክርስቲያን ጋር በአንድ የሥዕል ቋንቋ ይነጋገር እንደ ነበር ከዚህ እናስተውላለን። ወንጌል ወደ አገራችን ሲገባ ሥዕሉን ይዞ ገብቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዘመናት በፍጥነት ልለፋቸው። በላስታ በገነተ ማርያም ግድግዳ ላይ ዐፄ ይኩኖ አምላክ ተሥለው ይገኛሉ። በሐይቅ እስጢፋኖስም በ1273 ዓ.ም. ገደማ በተጻፈው ወንጌል ውስጥ አባ ኢየሱስ ሞዐ ቆመው እናያቸዋለን። የእነዚህ ሥዕሎች ዐይን ትልቅ ነው፤ አካላቸው ግን እንደ መስቀል እንጨት ቀጥ ያለ ነው። ሠዓሊዎቹ ሥጋ መሣል አቅቷቸው አይደለም። የሚታየው ሰው ከዚህ ዓለም ያለፈ መሆኑን መናገር ፈልገው ነው።

ወደ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ንጉሡ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፣ ሠላሳ ሦስቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ሥርዓት አቆሙ። መጽሐፉ ሲነበብ ሥዕሏ መቆም ስላለበት ሠዓሊ ተፈለገ። በጣና ሐይቅ በዳጋ እስጢፋኖስ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ሠዓሊው ማን እንደ ሆነ ይነግረናል፤ ፍሬ ጽዮን የሚባል ነው። በዚያን ዘመን ሠዓሊ ስሙን መጻፉ ብርቅ ነው። አብዛኞቹ ስማቸውን ለእግዚአብሔር ትተው አልፈዋል፤ ስለዚህ የአንዱን ስም ስናገኝ ደስ ሊለን ይገባል። ከእርሱ ትንሽ ቆየት ብሎ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የሚባል የቬኒስ ሰው ወደ አገራችን መጣ። የአገሩ ሰው መርቆሬዎስ ብሎ ሰየመው። ለአርባ ዓመት ያህል ለነገሥታቱ ሲሥል ኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1520ዎቹ የመጡት ፖርቱጋሎችም አግኝተውታል። እንግዳ መጥቶ የመቅደሳችንን ሥዕል ሣለ ማለት ነው። አባቶቻችን አልደነገጡም።

አሁን ከሁሉ የበለጠ ልቆይበት ወደምፈልገው ደርሻለሁ።

ምስለ ፍቁር ወልዳን ሁላችን እናውቃታለን። እመቤታችን ልጇን በግራ እጇ አቅፋ፣ እጆቿን ከፊት አጣጥፋ፣ በግራ እጇ መሐረብ ይዛ፣ ከቀኝ እጇ ሁለት ጣት ዘርግታ የምትታይበት ሥዕል ነው። ሕፃኑ መጽሐፍ ይዞ በሌላ እጁ ይባርካል። ከዚህ ሥዕል የበለጠ ኢትዮጵያዊ ነገር አለ ቢባል ብዙዎቻችን አናምንም። ነገር ግን መልኩ የመጣው ከሮም ነው። በሮም ከተማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሉቃስ ሣላት ተብሎ የሚታመንባት አንዲት ጥንታዊት ሥዕል አለች። እ.ኤ.አ. በ1569 የኢየሱሳውያን ማኅበር አለቃ ከፓፓው ፈቃድ አግኝቶ አስገለበጣት፤ ግልባጮቿም ከሚስዮናውያኑ ጋር ወደ ብዙ አገር ሄዱ። ወደ እኛም መጡ።

በእነዚያ ሰዎች ምክንያት በአገራችን ምን እንደ ደረሰ ታሪክ ተምረናል። ዐፄ ሱስንዮስ ሃይማኖታቸውን ለወጡ፤ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ በ1624 ዓ.ም. ንጉሡ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም ሃይማኖት ይመለስ ብለው ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ያን ያህል መከራ ያየ ሕዝብ እነርሱ ያመጡትን ነገር ሁሉ ሰብስቦ ቢያቃጥል ማን ይፈርድበታል?

ሥዕሏ ግን አልተቃጠለችም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ባለው በጎንደር ዘመን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ የምትሣለው እርሷ ሆነች። ነገር ግን እንደ መጣች አልቀረችም። ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል ሰይፋቸውን መዝዘው በቀኝና በግራዋ ቆሙ። ፊቷ የአገሯ ሰው ፊት ሆነ። ከእግሯ ሥር ሥዕሉን ያሣለው ባላባት ከነሚስቱ በግንባሩ ተደፍቶ «ተማኅፀንኩ» የሚል ጽሑፍ ተጨመረ። እንግዲህ አባቶቻችን ምን እንዳደረጉ ልብ እንበል። ትምህርቱን መርምረው ጣሉት፤ ሥዕሉን መርምረው ተቀበሉት፤ ተቀብለውም የራሳቸው አደረጉት። ከባዕድ የመጣውን ሁሉ መጥላት የእነርሱ ጠባይ አልነበረም። ከባዕድ የመጣውን ሁሉ ሳይመረምሩ መስቀልም አልነበረም።

በዚሁ በጎንደር ዘመን፣ በተለይ እቴጌ ምንትዋብ በነገሡበት ጊዜ፣ ሥዕል ሌላ መልክ ያዘ። ፊት ጥላና ብርሃን ተለየለት፤ ከበስተ ኋላ ያለው ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየተሸጋገረ ይሄዳል፤ ልብሱ በአበባ የተጌጠ ሐር ነው። በጣና ደቅ ደሴት ባለችው በናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ ራሳቸው ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ሐር ለብሰው መደፋታቸውን ልብ በሉ። ሠዓሊው የእቴጌይቱን ክብር አልሸሸገም፤ ክብራቸው የት እንደሚወድቅ ግን አሳይቷል። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራው ሁሉ የመላእክት ፊት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ጎንደርን ባቃጠሉ ጊዜ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ዳዊት ደግሞ በየመጽሐፉ በገና ሲደረድር ይሣላል። ጥላ ተይዞለት፣ ጭራ የያዘ አሽከር ቆሞለት፣ ልክ እንደ ጎንደር ንጉሥ። የኢየሩሳሌሙ ንጉሥ በገና እንጂ ሌላ ነገር መደርደሩ ለሠዓሊያችን አልታየውም፤ እኔም አልፈርድበትም።

ስለ ዐይን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኸንን ያወቀ ሰው ከዚያ በኋላ ሥዕልን እንደ ቀድሞው አያይም። በሥዕላችን ሥርዓት ጻድቃን ሁለት ዐይናቸው ይታያል፤ ክፉዎች ወደ ጎን ዞረው አንድ ዐይናቸው ብቻ ይታያል። በጸሎተ ሐሙስ ማዕድ ላይ ይሁዳን ፈልጉት፤ ስሙ ባይጻፍም በዐይኑ ታገኙታላችሁ። ይኸው ሥርዓት ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የዐድዋ ጦርነት በሚሣልበት ሸራ ላይም ገብቷል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በሰማይ በነጭ ፈረሱ ሲታይ፣ የእኛ ሰዎች በሁለት ዐይናቸው፣ ጠላት ደግሞ በአንድ ዐይኑ ይዋጋል። (በገሪማ ወንጌል ማርቆስ ወደ ጎን መዞሩን አስታውሱ። ሥርዓቱ ያን ጊዜ ገና አልቆመም ነበርና ወንጌላዊውን በዚህ ሚዛን የሚመዝን ሰው ይሳሳታል። እያንዳንዱን ሥዕል በራሱ ዘመን ሕግ ማንበብ ይገባል የምለው ለዚህ ነው።)

ስለ ዘመናችን ሠዓሊዎች ብዙ አልናገርም። አንዱን ብቻ ላንሣ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሐረር ሰው ነው፤ አባቱ አለቃ ደስታ መጽሐፍ የሚጽፉና ሐረግ የሚሥሉ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ። ልጁ ጀርመን አገር ተምሮ መጣና እ.ኤ.አ. በ1963 «ጎልጎታ» የሚል ሥዕል ሣለ። በሥዕሉ ላይ የለመድነው የስቅለት መልክ የለም፤ ቀይ ቀለም ነግሦበታል። ይህ ሥዕል በመቅደስ ግድግዳ ላይ ይሰቀል አልልም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ማኅበሩ የሚጸልይበት ስለ ሆነ ሕግ አለው፤ የገብረ ክርስቶስ ሥዕል ግን አንድ ሰው ብቻውን ያለቀሰው ልቅሶ ነው። ነገር ግን ያ ልጅ በአባቱ ብራና አጠገብ ባያድግ ኖሮ በዘመናዊ ቀለም ስለ ጎልጎታ ለመናገር ያስብ ነበርን?

ይኸን ሁሉ ያመጣሁት ለአንድ ጕዳይ ነው። እንደምታውቁት በአባላት ጉባኤያችን ላይ አንድ አሳብ ቀርቦ ብዙ እጅ ተነሥቶለታል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ጢስና የዝናብ ፍሳሽ ያጠቆራቸው አሮጌ ሥዕሎች ተነሥተው፣ እኛ ባዋጣነው ገንዘብ በውጭ አገር የታተሙ የሚያንጸባርቁ ትልልቅ ሥዕሎች ይሰቀሉ የሚል ነው። አሳቡን ያቀረቡት ወንድሞች ለቤተ ክርስቲያን ቀንተው እንጂ ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያረጀ ነገር በእግዚአብሔር ቤት ማየት ያሳፍራል ይላሉ። የታተመ ሥዕልም ክፉ አይደለም፤ በስንቱ እናት ጓዳ ውስጥ ተሰቅሎ ስንት እንባ አይቷል! እኔ የምቃወመው መተካቱን ነው።

የጎንደሩን አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስሙ። በ1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1932) ማርሴል ግሪዮል የሚመራው ከዳካር ጅቡቲ የሚጓዝ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ወደ ጎንደር መጣ። ሥዕሎቹ እንደ ብዙዎቹ ሥዕሎቻችን በጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ነበሩ። ቡድኑ ከደብሩ ጋር ተስማምቶ አሮጌዎቹን ከግድግዳው ልጦ አነሣ፤ በምትኩም አብሮት የመጣው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ በአዲስ ቀለም የሣላቸውን ለጠፈ። ደብሩ ብሩህና አዲስ ሥዕል አገኘ። አሮጌዎቹ ፓሪስ ሄዱ፤ ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። የጎንደር ልጅ የአያቶቹን ሥዕል ለማየት ቪዛ መጠየቅ አለበት። ይኸ በጦር ኃይል የተደረገ አይደለም። እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ኵርዓተ ርእሱን ወሰዱ ስንል እንቆጣለን፤ መቆጣታችንም ትክክል ነው። ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት የሚወጡት፣ በ1736 ዓ.ም. ስናሮች ማርከውት በገንዘብ የተዋጀው ሥዕል ነበርና። ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ወስዶ ለራሱ አስቀረው፤ እርሱ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1917 በለንደን በጨረታ ተሸጠ፤ እስከ ፖርቱጋልም ደረሰ። የእንጦንሱ ግን አዲስ ሥዕል ስለ ተፈለገ የሄደ ነው። የመቅደላው ወደ እኛ አይመጣም፤ የእንጦንሱ ፈተና ግን ይኸው ደጃችን ቆሟል።

ደግሞም የሚታተመው ሥዕል ከእኛ ጋር አያወራም። በእርሱ ላይ «ተማኅፀንኩ» ብሎ ከእግሩ ሥር የተደፋ የመንደራችን ሰው የለም። ጎንደሬው ሠዓሊ ከሮም የመጣችውን እመቤት የራሱ እስክትሆን ድረስ ደክሞባታል። እኛ ግን ገንዘብ ከፍለን እንሰቅላታለን፤ ድካሙ የት አለ?

ስለዚህ የምጠይቀው ይኸንን ነው። የተዋጣው ገንዘብ አስቀድሞ ጣራው ላይ ይዋል። ሥዕሉን የሚያበላሸው እርጅና ሳይሆን ከተበሳው ቆርቆሮ የሚወርደው ውኃ ነው፤ አዲሱንም ቢሆን በሁለት ክረምት ያጠቁረዋል። ለጽዳት ቀን የምንወጣ እኅቶችና ወንድሞች ሥዕሉን በእርጥብ ጨርቅ አንንካው፤ ቀለሙ በሙጫ የተለወሰ ስለ ሆነ ውኃ ያነሣዋል። ጧፍ ከግድግዳው እናርቅ። ስልክ ያላችሁ፣ አስተዳዳሪውን አስፈቅዳችሁ፣ እያንዳንዱን ሥዕል ከነጽሑፉ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ሁለት ቅጂ ተደርጎ አንዱ በደብሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። በስቴንስል የምትባዛው ይህች ጋዜጣችን ቀለሙን ልታሳይ አትችልም፤ ጽሑፎቹን ግን በየወሩ ልታወጣ ትችላለች።

መሪጌታችን ከቅዳሴ በኋላ ግእዙን ሊያነቡልን ፈቃደኛ ናቸው፤ ጠይቄአቸው «ማን ጠየቀኝና!» ብለው ሣቁ። ከሰሜን በኩል ካለው ሥዕል ብንጀምር መልካም ነው ብለዋል። ከእመቤታችን እግር ሥር የተደፋው ሰው ስም በፍሳሹ ተበልቶ ሦስት ፊደል ብቻ ቀርቶታልና፣ ክረምቱ ሳይገባ መገልበጥ አለበት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።